ሰፊ ባንድ በጠባብ ሰሌዳ፦ ከመገናኛ ጣራዎች እስከ ቤተ ሙከራችን



የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያው ላይ ሲነበብ ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የተዘጋጀ ይመስላል። ነገሩ ግን በየዕለቱ ከራሳችን በላይ ተሰቅሎ ከሥሩ የምናልፈው ነው። መገናኛ ላይ ከባቡር ወርዶ ቀና ያለ ሰው በየሕንፃው ጣራ ላይ ረጃጅም አንቴናዎች ቆመው ያያል። ከአንቴናዎቹ ሥር ወፍራም ኬብል ገብቶ የሚወጣባቸው፣ ማንም ልብ የማይላቸው የብረት ሣጥኖች አሉ። ማጣሪያዎችና ካፕለሮች የሚገኙት በእነዚህ ውስጥ ነው።

ማጣሪያ የሚፈለገውን ፍሪኩዌንሲ አሳልፎ የማይፈለገውን የሚመልስ ዕቃ ነው። ካፕለር ደግሞ በአንድ መስመር ከሚሄደው ኃይል የተወሰነ ድርሻ ቆንጥሮ ለሌላ መስመር የሚሰጥ፣ ወይም ኃይሉን ለሁለት እኩል የሚከፍል ነው። ሁለቱም ኤሌክትሪክ አይመገቡም፤ በውስጣቸው ትራንዚስተር የለም። ቅርጽ የወጣለት ብረት ናቸው፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራውም ቅርጻቸው ነው።

የስልክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1894 በአገራችን ከተጀመረ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ በመንግሥት እጅ ብቻ ቆይቷል። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የአምስተኛውን ትውልድ አገልግሎት በሙከራ ደረጃ አዲስ አበባ ላይ ከፈተ፤ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ሳፋሪኮም በከተማዋ ሥራ ጀመረ። ኦፕሬተሩም ባንዱም በዛ፤ የሕንፃዎቹ ጣራ ግን አልሰፋም። አንድ ምሰሶ፣ አንድ ኬብል፣ አንዳንዴም አንድ አንቴና ለ900፣ ለ1800፣ ለ2100 ሜጋኸርዝ እና ከዚያም በላይ ላለው ባንድ በጋራ እንዲያገለግል ይፈለጋል። ስለዚህ ሣጥኑ ትንሽ፣ የሚያስተናግደው ባንድ ግን ሰፊ እንዲሆን የሚጠይቀው ጣራው ራሱ ነው።

ዛሬ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። በእጃችን ባለው ርካሽ ሰሌዳ ላይ ጠባብ ባንድ ማጣሪያ ከመሥራት ሰፊ ባንድ መሥራት ይቀላል። ይህን ስል ብዙዎቻችሁ ፊታችሁን እንደምታጨማድዱ አውቃለሁ፤ በመማሪያ መጻሕፍት ሰፊው ባንድ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ከከባዱ ምዕራፍ ጋር ነውና።

ከመሠረቱ እንነሣ። በማይክሮዌቭ ዲዛይን ውስጥ ጡቡ ሩብ ሞገድ ነው። አንድ ማስተላለፊያ መስመር ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ ሲሆን ልዩ ጠባይ ያሳያል፦ ጫፉ ከመሬት ጋር ቢገናኝ በሌላው ጫፍ ክፍት ሆኖ ይታያል፤ ጫፉ ክፍት ቢሆን ደግሞ በሌላው ጫፍ እንደ ተገናኘ ይሆናል። ሬዞኔተርም ካፕለርም የሚገነቡት ይህን ጠባይ እየደረደሩ ነው። በ1.8 ጊጋኸርዝ ሩብ ሞገድ በአየር ውስጥ 42 ሚሊሜትር ያህል ነው። በተለመደው ባለ 1.6 ሚሊሜትር ኤፍ-አር-4 ሰሌዳ ላይ፣ ባለ 50 ኦም ማይክሮስትሪፕ ላይ ሲሆን ወደ 23 ሚሊሜትር ያጥራል። ሞገዱ የሚሮጠው ከፊሉ በፋይበሩ ውስጥ፣ ከፊሉ በአየር ውስጥ ስለሆነ ዘገምተኛ ይሆናል፤ ርዝመቱም በዚያው ልክ ያጥራል። ሰሌዳ ላይ መሥራት በራሱ የማሳነሻ ዘዴ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ጣራው ላይ ያለው ማጣሪያ ለምን ከሰሌዳ አይሠራም? ለምን እንደ ጡብ የከበደ አሉሚኒየም ይሆናል? መልሱ ሲሞር ኮን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ቀላል ግንኙነት ውስጥ አለ። በማጣሪያ ውስጥ የሚባክነው ኃይል በዴሲቤል ሲለካ ከሁለት ነገሮች ብዜት ጋር በተቃራኒ ይሄዳል፦ አንዱ አንጻራዊ የባንድ ስፋት፣ ማለትም ስፋቱ ለመካከለኛው ፍሪኩዌንሲ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ሁለተኛው የሬዞኔተሩ የጥራት ቁጥር ነው። ባንዱ ሲጠብ ሞገዱ በሬዞኔተሮቹ መካከል ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ ይቆያል፤ በቆየ ቁጥርም ይበላል።

ቁጥር እናስገባ። ሦስት ሬዞኔተር ያለው፣ ሞገዱ በ0.5 ዴሲቤል የሚዋዥቅ የቼቢሼቭ ማጣሪያ እንውሰድ። የኤፍ-አር-4 የብክነት መጠን 0.02 ገደማ ስለሆነ የሬዞኔተሩ የጥራት ቁጥር ወደ 45 ይደርሳል እንበል። የባንዱ ስፋት 3 በመቶ ከሆነ ስሌቱ 14 ዴሲቤል የሚጠጋ ብክነት ይሰጠናል። 20 ዋት ብናስገባ ከአንድ ዋት ያነሰ ይወጣል፤ የቀረው ሰሌዳውን ያሞቃል። ስፋቱን ወደ 60 በመቶ ብናሳድገው ያው ሰሌዳ፣ ያው ሬዞኔተር 0.7 ዴሲቤል ብቻ ይበላል፤ ከ20 ዋቱ 17 ዋት ይወጣል። ቀመሩ ለአነስተኛ ብክነት የተበጀ ግምት ስለሆነ 14 የሚለውን ቁጥር እንደ ልኬት አትውሰዱት፤ በሁለቱ መካከል ያለው የሃያ እጥፍ ርቀት ግን እውነት ነው።

ጣራው ላይ ያለው ማጣሪያ ከጠባቡ ማምለጥ አይችልም። በ1800 ሜጋኸርዝ ባንድ ስልኮች ወደ ጣቢያው የሚልኩት ከ1710 እስከ 1785፣ ጣቢያው ወደ ስልኮች የሚልከው ከ1805 እስከ 1880 ሜጋኸርዝ ነው። በመካከል ያለው ክፍተት 20 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ጣቢያው በዋት እየጮኸ የስልኩን የሹክሹክታ ያህል ምልክት እንዲሰማ ከተፈለገ በዚያ ጠባብ ክፍተት ውስጥ እንደ ግንብ የሚቆም ማጣሪያ ያስፈልጋል። ለዚህ የጥራት ቁጥሩ በሺዎች የሚቆጠር ሬዞኔተር ይጠይቃል፤ እሱም በብር የተለበጠ ባዶ የብረት ክፍል፣ የካቪቲ ማጣሪያ የምንለው ነው። የጥራት ቁጥሩ 2000 ቢሆን ያ ባለ 3 በመቶ ማጣሪያ 0.3 ዴሲቤል ብቻ ይበላል። ክብደቱ የቅንጦት አይደለም።

እዚህ ላይ ከፍታችን የሚያመጣውን ጣጣ ላንሣ፤ በውጭ የታተሙ መጻሕፍት እምብዛም አያነሡትም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሳሳ ያለ አየር በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ብልጭታ የሚነሣበት የኤሌክትሪክ መስክ ከግፊቱ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ኃይል ደግሞ ከመስኩ ካሬ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አንድ መጠን ኃይል የሚሸከም የካቪቲ ማጣሪያ እዚህ ሲመጣ የሚሸከመው ከግማሹ ጥቂት በለጥ ያለውን ነው። ማጣሪያውን ለማሳነስ በውስጡ ያሉትን ክፍተቶች ባጠበብን ቁጥር ችግሩ ይብሳል። ዕቃ ስትገዙ የአምራቹን መግለጫ ከፍታን በሚመለከተው መስመር ላይ ደግማችሁ አንብቡ።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራችን እንመለስ። ብክነቱ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሰሌዳው ራሱ የማይታመን መሆኑ ነው። ኤፍ-አር-4 የተሠራው ለተራ ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ አምራቹ የዳይኤሌክትሪክ ቋሚውን ለማይክሮዌቭ ብሎ አይጠብቅልንም። ከአንዱ ግዢ 4.2፣ ከሌላው 4.7 ሊሆን ይችላል። በባለ 50 ኦም መስመር ላይ ይህ ልዩነት የሬዞኔተሩን ፍሪኩዌንሲ 5 በመቶ ያህል ያዛውራል፤ በ1.8 ጊጋኸርዝ ላይ 90 ሜጋኸርዝ ነው። ባለ 3 በመቶ ማጣሪያ ስፋቱ 54 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ከቦታው ይወጣል። ባለ 60 በመቶው ግን ስፋቱ ከአንድ ጊጋኸርዝ ይበልጣል፤ ጠርዙ ትንሽ ይገፋል፣ ሥራው ግን አይቋረጥም። ሮጀርስ የተባለው ኩባንያ የሚያመርተው ባለ 0.0027 ብክነት ሰሌዳ ይህን ሁሉ ያቃልላል፤ ነገር ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ለአንድ ሴሚስተር ፕሮጀክት የሚጠበቅ ዕቃ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙም አይነገርም፤ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ከዋናው መስመር ወደ ጎን የሚወጡ፣ ጫፋቸው ከመሬት ጋር የተገናኘ የሩብ ሞገድ ቅርንጫፎችን አስቡ፤ ስታብ እንላቸዋለን። በስታቦቹ መካከልም ሩብ ሞገድ መስመር አለ። ለባለ 3 በመቶ ባንድ የመጀመሪያው ስታብ ኢምፒዳንስ 0.74 ኦም ሆኖ ይወጣል። ይህን በኤፍ-አር-4 ላይ ለመሥራት የመዳቡ ስፋት 38 ሳንቲሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ ርዝመቱ ሁለት ሳንቲሜትር የሆነ፣ ስፋቱ ግን ከጠረጴዛ ግማሽ የሚጠጋ መስመር ማለት ነው! ለ60 በመቶ ባንድ ያው ቀመር 15 ኦም ያህል ይሰጣል። በግራና በቀኝ ሁለት ባለ 30 ኦም ስታቦች አድርገን እንከፍለዋለን፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ሚሊሜትር ናቸው። ቀመሩ ለጠባብ ባንድ የተበጀ ስለሆነ ውጤቱን መነሻ አድርገን በሲሙሌሽን እናርመዋለን። ዋናው ነገር በዚህ አሠራር ውስጥ አንድም የተጠጋጋ ክፍተት አለመኖሩ ነው። የሚያስፈልገው መቀስ የሚመስል ንድፍ፣ ፌሪክ ክሎራይድ እና ለመሬት ማገናኛ የሚሆን ጥቂት ቀዳዳ ነው።

ክፍተት ያልኩት በምክንያት ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2002 ከ3.1 እስከ 10.6 ጊጋኸርዝ ያለውን ባንድ ለእጅግ ሰፊ ባንድ አገልግሎት ከፈቀደ በኋላ ተመራማሪዎች 110 በመቶ የሚጠጋ ስፋት ያለው ማጣሪያ ፍለጋ ተሯሯጡ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዡ፣ ሱንና ሜንዘል ያቀረቡት መፍትሔ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ መካከሉ ሰፊ፣ ሁለት ክንፎቹ ቀጭን የሆነ አንድ ሬዞኔተር ብቻውን ሦስት ድምፅ እንዲያወጣ ተደረገ። አንድ ክራር ሦስት ሰው የሚጫወት እንዲመስል ማድረግ ነው። ሦስቱ ድምፆች በባንዱ ታች፣ መካከልና ላይ ተቀመጡ፤ ግቢያና መውጫው ላይ ያሉት የተጣመሩ መስመሮች ደግሞ ሁለት ጨመሩ። ከአንድ ሬዞኔተር አምስት ተገኘ፤ የማሳነስ ጥበብ ይህ ነው። ይሁን እንጂ የተጣመሩት መስመሮች ክፍተት የሚሊሜትር አሥረኛ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ መሆን አለበት። በእጅ ተፍቆ በሚሠራ ሰሌዳ ላይ ከ0.2 ሚሊሜትር በታች ያለ ክፍተት አንዱ ቦታ ይዘጋል፣ ሌላው ቦታ ይሰፋል። በሲሙሌሽን ውብ ሆኖ በሰሌዳ ላይ የሞተ ማጣሪያ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወረቀቱን ከማድነቃችሁ በፊት ትንሿን ክፍተት ፈልጋችሁ ለኩ።

ወደ ካፕለር ልለፍ። ከሃያ ሁለት፣ ከቦሌ፣ ከሾላ፣ ከኮተቤና ከጉርድ ሾላ የሚመጡ መንገዶች የሚገጥሙበት ሰፈር ስሙ መገናኛ መሆኑ ለዚህ ክፍል ይመቸኛል፤ አንደኛው የካፕለር ዓይነት ልክ እንደ አደባባይ ክብ ነው። ዙሪያው አንድ ተኩል ሞገድ ነው፤ አራት በሮች አሉት። በሮቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው። ከሀ እስከ ለ፣ ከለ እስከ ሐ፣ ከሐ እስከ መ ሩብ ሩብ ሞገድ ነው፤ ከመ ተመልሶ እስከ ሀ ሦስት ሩብ ነው። በለ የገባ ምልክት በሁለቱም አቅጣጫ ይዞራል። በሀ እና በሐ ሁለቱ ዙሮች አንድ ሙሉ ሞገድ ተለያይተው ስለሚደርሱ ይደጋገፋሉ፤ ኃይሉም ለሁለቱ እኩል ይከፈላል። በመ ግን አንደኛው ግማሽ ሞገድ፣ ሌላኛው ሙሉ ሞገድ ተጉዞ ስለሚደርስ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። መ ምንም አይሰማም።

ችግሩ ይህ መጠፋፋት የቆመው በርዝመት ልዩነት ላይ መሆኑ ነው። ፍሪኩዌንሲው ሲለወጥ ግማሽ ሞገድ የነበረው ግማሽ ሞገድ መሆኑ ይቀራል። ጥፋተኛው ያ ረጅሙ ሦስት ሩብ ነው፤ ቦታውንም የሚበላው እሱው ነው። ሌላው የተለመደ ካፕለር፣ ማለትም አራት የሩብ ሞገድ ጎኖች ያሉት ካሬ፣ ከዚህም ጠበብ ይላል። እሱን ለማሳነስ ሂሮታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት መንገድ አለ፦ መስመሩን በግማሽ አሳጥሮ፣ ኢምፒዳንሱን ከፍ አድርጎ፣ ጫፎቹ ላይ ካፓሲተር ማስቀመጥ። የ50 ኦሙ ሩብ ሞገድ በ70.7 ኦም የሞገድ ስምንተኛ ይተካል፤ በ1.8 ጊጋኸርዝ በየጫፉ 1.25 ፒኮፋራድ ይበቃዋል። የካሬው ስፋት ወደ ሩቡ ይወርዳል። ዋጋው ግን በባንድ ይከፈላል፤ የተተካው መስመር እውነተኛውን የሚመስለው በአንዷ ፍሪኩዌንሲ ዙሪያ ብቻ ነው። ማሳነስና ማስፋት ጠላቶች ናቸው የሚለው እምነት የመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ልምድ ነው።

ክቡ ግን ሌላ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1968 ማርች የተባለ መሐንዲስ ያን ሦስት ሩብ ክንድ አውጥቶ በምትኩ ሩብ ሞገድ ርዝመት ያለው የተጣመረ መስመር አስገባ። አዲሱ ክንድ ሩብ ሞገድ ብቻ ሆኖ ምልክቱን ይገለብጣል፤ ጭማሪው ግማሽ ሞገድ ከርዝመት መምጣቱ ቀርቶ ከመገልበጡ መጣ። ዙሪያው ከአንድ ተኩል ወደ አንድ ሞገድ ወረደ፤ የያዘው ቦታ ከግማሽ በታች ሆነ፤ ባንዱም በብዙ ሰፋ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ! በኤፍ-አር-4 ላይ በ1.8 ጊጋኸርዝ ከ44 ሚሊሜትር ዲያሜትር ወደ 30 መውረድ ነው።

በተጣመረው መስመር ምትክ ደግሞ ከክፍተት የምንድንበት መንገድ አለ። መስመሩን ባለ ሁለት ገጽ እናድርገው፤ አንዱ መዳብ በሰሌዳው ላይ፣ አንዱ በሥሩ፣ ሁለቱ እኩል ስፋት ያላቸውና ፊት ለፊት የተያዩ። አንድ ቦታ ላይ በሁለት ቀዳዳዎች አማካይነት የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ እናሻግር። ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦ አቀያይሮ ማሰር ማለት ነው፤ ምልክቱ በማንኛውም ፍሪኩዌንሲ ይገለበጣል። አራቱ ክንዶች እኩል ሩብ ሞገድ ሲሆኑ በመ በር ላይ የሚደርሱት ሁለቱ ምልክቶች እኩል መንገድ ተጉዘው አንዱ ተገልብጦ ስለሚገናኙ መጠፋፋቱ ከፍሪኩዌንሲ ነጻ ይሆናል። በተግባር የቀዳዳዎቹ ርዝመት ጥቂት ያበላሸዋል። ቢሆንም ሚሊሜትር አሥረኛ የሚፈልግ አንድም ነገር የለውም።

መገናኛ ላይ ወዳሉት ትልልቅ የገበያ ሕንፃዎች ስንገባ ሌላ ካፕለር እናገኛለን። ከጣራ ወይም ከምድር ቤት የተነሣ አንድ ኬብል ፎቅ ለፎቅ ሲያልፍ በየፎቁ ትንሽ ድርሻ እየተቆነጠረ ለኮሪደሩ አንቴናዎች ይሰጣል። ባለ 10 ዴሲቤል ካፕለር አሥረኛውን ይወስዳል፤ ዘጠኝ አሥረኛው ይቀጥላል። ካፕለሩ ከ800 እስከ 2700 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ ይጠበቃል፤ ስፋቱ ሲሰላ 109 በመቶ ነው፤ ቅድም ካነሣሁት የእጅግ ሰፊ ባንድ አንጻራዊ ስፋት ጋር መገጣጠሙ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ የሩብ ሞገድ መስመሮች ያሉት ተራ ካፕለር በዚህ ስፋት ጠርዞች ላይ ድርሻው በ3.4 ዴሲቤል ይወርዳል። ነጋዴው መካከለኛው ባንድ ላይ ደኅና ሲያወራ፣ ዳር ያለው ባንድ የደረሰው ሰው ከሚገባው ግማሹን እንኳ አያገኝም። ሦስት የሩብ ሞገድ ክፍሎች፣ መካከለኛው ጠበቅ ብሎ ተጣምሮ፣ ዳርና ዳሩ ላላ ብለው ሲደረደሩ ድርሻው በባንዱ ሁሉ ሊቀራረብ ይችላል።

ሦስት ክፍል ሲባል ረጅም ይመስላል፤ በአየር ውስጥ በርግጥ 13 ሳንቲሜትር ነው። ማይክሮስትሪፕ ላይ ብንሠራው ደግሞ ሞገዱ ከፊሉ በአየር ከፊሉ በሰሌዳ ስለሚሄድ ሁለቱ የሞገድ ዓይነቶች በተለያየ ፍጥነት ይሮጣሉ፤ ካፕለሩ ወደ ፊት የሚሄደውን ከሚመለሰው መለየት ያቅተዋል። መፍትሔው ሳንድዊች ነው፦ መስመሮቹን በሁለት የኤፍ-አር-4 ሰሌዳዎች መካከል አስገብቶ በብሎን ማሰር። ፍጥነቶቹ ይስተካከላሉ፤ ርዝመቱም ወደ 6 ሳንቲሜትር ይወርዳል። የሚባክነው በመካከለኛው ፍሪኩዌንሲ 0.4 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ለሕንፃ ውስጥ ሥርጭት የሚቻል ነው። በሰሌዳዎቹ መካከል አየር እንዳይቀር ብሎኖቹን በርከት አድርጉ።

እነዚህ ዕቃዎች የጣራውን የካቪቲ ማጣሪያ አይተኩም፤ ያ 20 ሜጋኸርዝ እዚያው ነው። የሚያገለግሉት በሕንፃ ውስጥ ሥርጭት፣ በመለኪያ መሣሪያዎች መግቢያ፣ እንዲሁም ሰፊ ባንድ በሚቃኙ ተቀባዮች ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ስፔክትረምን የማስተዳደር ኃላፊነት አለበት፤ ስፔክትረም የሚቃኝ ተቀባይ ደግሞ ከፊቱ ሰፊ ባንድ ማጣሪያ ሳይኖረው በቅርብ ባለ ኃይለኛ ጣቢያ ይደነቁራል።

በዚህ ሴሚስተር ለምትጀምሩ ተማሪዎች የመጀመሪያው ሥራ ማጣሪያ መንደፍ አይሁን፤ ሰሌዳውን ለኩ። ዙሪያው 200 ሚሊሜትር የሆነ ባለ 50 ኦም ቀለበት ፋቁ፤ በሁለት ወገን ጥቂት ክፍተት ትታችሁ መግቢያና መውጫ መስመር አምጡ። እዚህ ያለው ክፍተት ልል ስለሆነ ትክክለኛነቱ አያሳስብም። በኪስ የሚገባው ናኖ-ቪ-ኤን-ኤ የተባለ ርካሽ መለኪያ ለዚህ ይበቃል። ቀለበቱ 820 ሜጋኸርዝ ላይ ከዘፈነ የመስመሩ ውጤታዊ ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ 3.35 ገደማ ነው፤ 800 ላይ ከዘፈነ 3.52 ነው። የሃያ ሜጋኸርዝ ልዩነት ሁለት የተለያዩ ግዢዎችን ይለይላችኋል። ይህን ቁጥር በሲሙሌሽን ውስጥ ካስገባችሁ በኋላ ባለ ስታቡን ማጣሪያ በ60 በመቶ ስፋት ጀምሩ፤ በሁለተኛው ሙከራ 50፣ በሦስተኛው 40 እያላችሁ ጥበቡ፤ ብክነቱ በየደረጃው ስንት እንደጨመረ በሠንጠረዥ ያዙ። ሠንጠረዡን በሚቀጥለው ወር አብረን እናየዋለን።